ቦልደር ወይስ ቬይል? የስፖርት ሥነ ልቦናን በዴንቨር ለመማር ለሚያስቡ

እ.ኤ.አ. በ1949 የአሜሪካ የሥነ ልቦና ምሁራን በኮሎራዶ ግዛት በቦልደር ከተማ ተሰብስበው በአንድ ጥያቄ ላይ መከሩ። በሥነ ልቦና ሕክምና የሚሠለጥን ሰው ባለሙያ ብቻ ይሁን ወይስ ተመራማሪም ጭምር? ጉባኤው ሁለቱንም አጣምሮ መረጠ። ሠልጣኙ ሰውን መርዳት ብቻ ሳይሆን መላምት ማቅረብ፣ መረጃ መሰብሰብና ውጤቱን በቁጥር መፈተን መቻል አለበት ተባለ። ከ24 ዓመታት በኋላ፣ በ1973፣ በዚያው ግዛት ከዴንቨር በስተ ምዕራብ በምትገኘው ተራራማዋ ቬይል ሌላ ጉባኤ ተቀመጠና ሌላ በር ከፈተ። ዕድሜያቸውን በምርምር ሳይሆን በአገልግሎት ለማሳለፍ የሚሹ ሰዎች ለዚያው የተዘጋጀ ትምህርትና የራሱ የሆነ ዲግሪ ሊኖራቸው ይገባል የሚል ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለቱም ጉባኤዎች የተነጋገሩት ስለ ሥነ ልቦና ሕክምና ሥልጠና ነው እንጂ ስለ ስፖርት አልነበረም። የከፈቱት ልዩነት ግን ዛሬ በዴንቨርና በአውሮራ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤት ሳይቀር ይገባል። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲሮጥ ወይም ኳስ ሲጫወት ያደገ፣ የመጀመሪያ ዲግሪውን በሥነ ልቦና ወይም በእንቅስቃሴ ሳይንስ የጨረሰ ወጣት «የስፖርት ሥነ ልቦና ተመራማሪ መሆን እፈልጋለሁ» ሲል፣ ወላጆቹ አስቀድመው የሚጠይቁት «ምን ሥራ ያስገኛል?» ብለው ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። ከእርሱ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ሳይነሣ ይቀራል፤ ሊገባበት ያሰበው ዲግሪ ከሁለቱ መንገዶች በየትኛው ላይ የተሠራ ነው?

የዴንቨር ዩኒቨርሲቲ የሙያዊ ሥነ ልቦና ድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት የተቋቋመው በ1976፣ ከቬይል ጉባኤ ሦስት ዓመት በኋላ ነው። በስፖርትና በብቃት ሥነ ልቦና የሚሰጠው የማስተርስ ዲግሪም የዚያው ቤተሰብ ልጅ ነው። ዓላማው ባለሙያ ማፍራት ነው፤ ተማሪው ከክፍል ትምህርቱ ጎን ለጎን ከቡድኖችና ከአትሌቶች ጋር በክትትል ሥር እየሠራ ይማራል። ይህ የሚነቀፍ ነገር አይደለም። ዴንቨር በአሜሪካ እግር ኳስ፣ በቅርጫት ኳስ፣ በቤዝቦልና በበረዶ ሆኪ ታላላቅ ቡድኖች ያሏት ከተማ ናት። የአሜሪካ የኦሊምፒክና የፓራሊምፒክ ኮሚቴ መቀመጫ የሆነችው ኮሎራዶ ስፕሪንግስም ወደ ደቡብ በመኪና ከአንድ ሰዓት ጥቂት ፈቀቅ ብላ ትገኛለች። የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ሳይቀር ወታደሮቹን በአእምሮ ብቃት ለማሠልጠን የዚህ ሙያ ተመራቂዎችን ይቀጥራል። ለአገልግሎቱ ፈላጊ አለው።

የምስክር ወረቀቱ መንገድም ግልጽ ነው። የተግባራዊ ስፖርት ሥነ ልቦና ማኅበር የሚሰጠውን የአእምሮ ብቃት አማካሪነት ማረጋገጫ ለማግኘት ቢያንስ የማስተርስ ዲግሪ፣ በአማካሪ ክትትል የተሠራ 400 ሰዓት የሥራ ልምድና ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። ይህ ማረጋገጫ ግን ከመንግሥት የሙያ ፈቃድ ጋር አንድ አይደለም። በኮሎራዶ «ሳይኮሎጂስት» ተብሎ ለመጠራት የዶክትሬት ዲግሪና ፈቃድ ይጠየቃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ በዲግሪው ስም ውስጥ «ሥነ ልቦና» የሚለው ቃል መኖሩ ባለቤቱን ሳይኮሎጂስት የሚያደርገው ይመስለዋል።

ተመራማሪ የመሆን ነገር ደግሞ ከዚህም ይርቃል። የምርምር ዶክትሬት የሚሰጡ ክፍሎች አመልካቹን የሚመዝኑት በራሱ መረጃ በጻፈው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ በስታቲስቲክስ ችሎታው፣ በታተመ ወይም በጉባኤ በቀረበ ሥራውና በሚፈልገው አማካሪ የምርምር መስመር ነው። ለስንት ቡድኖች ምክር እንደሰጠ የመጠየቃቸው ነገር ብዙም አያጋጥምም። የገንዘቡም ሒሳብ የተለያየ ነው። በአሜሪካ የምርምር ዶክትሬት ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የትምህርት ክፍያው ተሸፍኖለት፣ በረዳት ተመራማሪነት ወይም በረዳት መምህርነት እየሠራ የኑሮ ድጎማ ያገኛል። የሙያ ማስተርስ ተማሪ ግን በአብዛኛው ከኪሱ ወይም በብድር ይከፍላል። ስለዚህ ተመራማሪ መሆን ፈልጎ የሙያ ማስተርስ የገባ ሰው ሁለት ጊዜ ሊከፍል ይችላል፤ አንድ ጊዜ በዶላር፣ አንድ ጊዜ ደግሞ «የምርምር ልምድ የለህም» ተብሎ በሚመለስበት ዓመት። ዩኒቨርሲቲው አላታለለውም። ያታለለው የራሱ ግምት ነው።

በዚያው በዴንቨር ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የሥነ ልቦና ትምህርት ክፍል የምርምር ዶክትሬት ይሰጣል፤ ሁለቱ ክፍሎች ጎረቤት ቢሆኑም መምህሩም መግቢያውም የተለያየ ነው። ከዴንቨር ወደ ሰሜን አንድ ሰዓት ያህል ተነድቶ የሚደረሰው በግሪሊ ያለው የሰሜን ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የስፖርትን ማኅበራዊ ሥነ ልቦና በስፖርትና በአካል ብቃት ሳይንስ ጥላ ሥር ሲያስተምር የኖረ ነው። አንድ ወጣት ዘርፉን በሥነ ልቦና ክፍል ብቻ ከፈለገው ብዙውን ሳያየው ያልፋል፤ የዘርፉ ምርምር ብዙ ጊዜ የሚኖረው በእንቅስቃሴ ሳይንስ ክፍሎች ውስጥ ነውና።

ይህ የቤት አለመለየት ከጅምሩ የነበረ ነው። ኮልማን ግሪፊዝ በ1925 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ሥነ ልቦና ቤተ ሙከራ አቋቁመው ነበር። ግሪፊዝ በዘመናቸው የሚስተካከላቸው ያልነበረ ሰው ቢሆኑም፣ በ1932 ገንዘቡ ሲቋረጥ ቤተ ሙከራው ተዘጋ፤ ሥራቸውን ተረክቦ የሚያስቀጥል ትውልድም አላፈሩም። ዘርፉ እንደገና በሁለት እግሩ እስኪቆም ብዙ ዓሥርት ዓመታት ወሰደበት። ያን ጊዜ እንኳ የጠፋው አሠልጣኝን የሚመክር ሰው አልነበረም፤ የሚለካና የሚፈትን ሰው እንጂ።

ታዲያ ይህን ሁሉ ጣጣ አልፎ ተመራማሪ መሆን ለኢትዮጵያዊ ወጣት ምን ይረባል? መልሱ ያለው በመለኪያው ላይ ነው።

በምህንድስና ማንኛውም መሣሪያ ከመለካቱ በፊት ራሱ ይለካል። ሚዛን ክብደቱ ከታወቀ ነገር ጋር፣ ቴርሞሜትር ሙቀቱ ከታወቀ ውኃ ጋር ይነጻጸራል። ይህን ሳያደርግ ቁጥር ጽፎ የሚያቀርብ መሐንዲስ ድልድዩ ሲወድቅ ይጋለጣል። በስፖርት ሥነ ልቦና ግን መሣሪያው መጠይቅ ነው፤ መጠይቅ ሲበላሽ ደግሞ የሚወድቅ ድልድይ የለም። ቁጥሩ ዝም ብሎ ይታተማል።

በዘርፉ ከታወቁት መጠይቆች አንዱ ከውድድር በፊት ያለን ጭንቀት የሚለካው ነው። ሬይነር ማርተንስና ባልደረቦቻቸው በ1990 ያሳተሙት ይህ መጠይቅ 27 ጥያቄዎች አሉት፤ የሐሳብ ጭንቀትን፣ በሰውነት የሚሰማ ጭንቀትንና በራስ መተማመንን እያንዳንዳቸውን በዘጠኝ በዘጠኝ ጥያቄ ይለካል። በ1999 በብሪታንያ የነበሩ ተመራማሪዎች መጠይቁን እንደገና ሲፈትኑት እንከን አገኙበት። ለሐሳብ ጭንቀት ከተዘጋጁት ጥያቄዎች ብዙዎቹ በአማርኛ «ያሳስበኛል» ከሚለው ጋር በሚቀራረብ ቃል ላይ የተመሠረቱ ነበሩ። አንድ ሯጭ ውድድሩ ያሳስበኛል ሲል ግን ፈርቷል ማለት ላይሆን ይችላል፤ ለውድድሩ ዋጋ ይሰጣል ማለትም ሊሆን ይችላል። በ2003 መጠይቁ ተከልሶ 17 ጥያቄዎች ይዞ ወጣ። መሣሪያው በተወለደበት በእንግሊዝኛ ቋንቋ እንኳ በአንድ ቃል ተሰናክሏል ማለት ነው።

ያው መጠይቅ ወደ አማርኛ ሲገባ ምን ይሆናል? «ጭንቀት» የምንለው ቃል ብዙ ይሸከማል። የቤት ኪራይ ያልከፈለ ሰው ይጨነቃል፤ ምጥ የያዛት ሴት ትጨነቃለች፤ ፈተና ያለበት ተማሪ ይጨነቃል፤ ሐኪም ደግሞ ቃሉን ለበሽታ ስም ይጠቀምበታል። በሌላ በኩል አማርኛ የእንግሊዝኛው መጠይቅ የማያውቃቸው ቃላት አሉት። በመጨረሻው ዙር የተቀደመ ሯጭ «እልህ ያዘኝ» ይላል። እልህ ከሦስቱ የመጠይቁ ክፍሎች በየትኛው ይመደባል? ቁጣ አለበት፣ የተነካ ክብር አለበት፣ ቁርጥ ውሳኔም አለበት፤ በራስ መተማመን ብለን ብንጽፈው ግማሹን እናጣለን፤ ጭንቀት ብለን ብንጽፈውም እንዲሁ። ወኔም ያው ነው። ይሉኝታ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ተንኮለኛ ነው፤ አሠልጣኙ አጠገብ ቆሞ እያየው መጠይቅ የሚሞላ ወጣት «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» የሚለውን የሰላምታ ልማድ ወደ ቁጥር ቀይሮ ሊያሰፍር ይችላል። አልዋሸም፤ ጨዋነት ነው። ተመራማሪው ግን የለካው ጭንቀትን ሳይሆን ጨዋነትን ነው።

ይህ የቋንቋ ፍልስፍና ብቻ አለመሆኑን በሌላ ዘርፍ የተሠራ የኢትዮጵያ ጥናት አሳይቷል። ከወሊድ በኋላ የሚመጣን ድብርት ለመለየት በስኮትላንድ በኤድንብራ የተዘጋጀ፣ በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት አጭር መጠይቅ አለ። ኢትዮጵያውያንና ብሪታንያውያን ተመራማሪዎች በ2008 ባሳተሙት ጥናት መጠይቁን በገጠር በቡታጅራ አካባቢ ሲፈትኑት አጥጋቢ ሆኖ አላገኙትም። በ2010 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በአዲስ አበባ በጥሩ ሁኔታ እንደሚሠራ አሳየ። አገሩ አንድ ነው፤ የመኪና መንገዱም የጥቂት ሰዓት ነው። መሣሪያው ግን በአንዱ ቦታ ሠራ፣ በሌላው አልሠራም። ይህን ያወቅነው አንድ ሰው ተቀምጦ ስለፈተነው ብቻ ነው።

በሩጫ ደግሞ ነገሩ በአማርኛ ብቻ አያልቅም። ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ያፈራችው የአርሲዋ በቆጂ የአብዛኛው ሕዝቧ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። የአማርኛ መጠይቅ ለበቆጂ ልጅ ሰጥቶ ስለ «ኢትዮጵያዊ ሯጭ» አእምሮ መጻፍ የኤድንብራውን ስሕተት በአገር ልጅ እጅ መድገም ነው።

በዓለም የምርምር መጽሔቶች ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ሯጮች የተጻፈው ብዙ ነው። ከስኮትላንድ ግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የተነሣ ቡድን በ2003 ባሳተመው ጥናት የኢትዮጵያን ምርጥ ሯጮች ከሌላው ሕዝብ ጋር አነጻጽሮ፣ ሯጮቹ ከአርሲና ከሸዋ የመምጣታቸውና በልጅነታቸው ወደ ትምህርት ቤት እየሮጡ የመሄዳቸው ነገር ጎልቶ እንደሚታይ አሳየ። በዚያው ዓመት ሁለት ተመራማሪዎች በብሪታንያ የስፖርት ሕክምና መጽሔት የሥነ ልቦና መላምት አቀረቡ፤ ምሥራቅ አፍሪካውያን በሩጫ አይቻሉም የሚለው ወሬ ራሱ አንዱን ወገን ሊያደፋፍር፣ ሌላውን ሊያዳክም ይችላል አሉ። የሚፈተን ግሩም መላምት ነው። ለመፈተን ግን ሯጮቹን ራሳቸውን በሚያስቡበት ቋንቋ መጠየቅ ይፈልጋል። ብሪታንያዊው የሥነ ሰብእ ምሁር ማይክል ክራውሊ ይህን መንገድ ሄደውበታል፤ ከዓመት በላይ ኢትዮጵያ ተቀምጠው፣ አማርኛ ተምረው፣ ከሯጮች ጋር ጎህ ሳይቀድ እየተነሡ ሮጠው በ2020 መጽሐፍ አሳትመዋል። ሯጮቹ «ኮንዲሽን» የሚሉትን ነገር፣ ብቻ መሮጥን የሚያዩበትን ዓይን፣ ጉልበትን እንደ ጋራ ሀብት መቁጠራቸውን አስተውለው ጽፈዋል። ሊመሰገኑ ይገባል። ጥያቄው ግን ይቀራል፤ የውጭ ሰው ለዚህ ብሎ ቋንቋውን ከሀ ጀምሮ ከተማረ፣ ቋንቋውን ከእናቱ የሰማው የአውሮራ ልጅ የት አለ? (እርግጥ የቤት ውስጥ አማርኛ ለምርምር አይበቃም። «እንጀራ አምጣ» ማለት የሚችል ሁሉ ስለ እልህ መጠይቅ አይጽፍም። መማሩ ግን ከዜሮ አይጀምርም።)

አውሮራ ለዚህ ሥራ የማትመች ከተማ አይደለችም። ከዴንቨር ጋር በኮልፋክስ ጎዳና የተሰፋች፣ በየመንገዱ የአማርኛ ጽሑፍ የሚታይባት ናት። በቀድሞው የፊትዝሲመንስ ጦር ሆስፒታል ቦታ ላይ የተስፋፋው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ አንሹትዝ የሕክምና ካምፓስ የሚገኘውም በእርሷ ነው። ከዚህም በላይ አውሮራ የአዳማ እህት ከተማ ናት፤ ዴንቨርም የአክሱም። እንዲህ ያለው ዝምድና ብዙውን ጊዜ በልዑካን ፎቶግራፍ ያበቃል። ነገር ግን ከአዳማ ወደ ደቡብ የሚወጣው መንገድ በጥሩነሽ ዲባባ ስም የተሰየመው የአትሌቲክስ ማሠልጠኛ ወዳለባት አሰላ፣ ከዚያም ወደ በቆጂ ይወስዳል። ለአንድ የዶክትሬት ተማሪ ይህ ፎቶግራፍ ሳይሆን የመረጃ መሰብሰቢያ ካርታ ነው።

ሩቅ መሄድም ግድ አይደለም። በ1984 የተመሠረተው በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በየዓመቱ ከብዙ ከተሞች ቡድኖችን ለአንድ ሳምንት በአንድ ስታዲየም ይሰበስባል። በሁለት ቋንቋ የሚያስቡ፣ የወላጆቻቸው ዓይን የሚያርፍባቸው፣ በአማርኛ ተሰድበው በእንግሊዝኛ የሚመልሱ ተጫዋቾች እዚያ አሉ። በስደት ያደገ ልጅ ስፖርቱን ለምን ይተዋል? ወላጅ «ትምህርትህን ያዝ» ሲል ልጁ የሚሰማው ድጋፍ ነው ወይስ ተስፋ ማስቆረጥ? ይህን በቁጥርም በቃለ ምልልስም የሚያጠና ሰው የናሙና ችግር አይገጥመውም።

ወላጆች የሚያነሡት ተቃውሞ ግን በቀልድ የሚታለፍ አይደለም። በዩኒቨርሲቲ የሚከፈቱ የምርምር ቦታዎች ጥቂት ናቸው፤ ከዶክትሬት በኋላም ዓመታት የሚወስድ ጊዜያዊ የምርምር ሥራ ሊኖር ይችላል። ከስደት ጋር ብዙ ኃላፊነት ለተሸከመ ቤተሰብ «ልጃችን ነርስ ሆና በሁለት ዓመት ደመወዝ ብታመጣ» ማለት ስንፍና አይደለም። ለዚህም ነው ከሁለቱ ጉባኤዎች የቦልደሩ ለእንዲህ ያለ ወጣት የሚሻለው። በሕክምና ወይም በምክር አገልግሎት ሥነ ልቦና የምርምር ዶክትሬት ይዞ፣ የመመረቂያ ጥናቱን በስፖርት ላይ የሚሠራ ሰው መጨረሻ ላይ ሁለት ነገር በእጁ ይኖራል፤ የሙያ ፈቃድና የምርምር ሥራ። መምህርነት ቢዘገይ ፈቃዱ ቤት ያኖራል። መንገዱ ይረዝማል፤ ብዙውን ጊዜ አምስት ስድስት ዓመት ይወስዳል፤ ግን በሩ አንድ ብቻ አይደለም።

ማስተርሱን አስቀድሞ መማር የሚፈልግ ካለም ከማመልከቱ በፊት የትምህርት ክፍሉን በቀጥታ ይጠይቅ። የመመረቂያ ጽሑፍ በራስ መረጃ መሥራት ይፈቀዳል? የሚያማክረው መምህር ባለፉት ዓመታት ምን አሳትሟል፣ ከተማሪ ጋርስ አብሮ አሳትሟል? ካለፉት ተመራቂዎች ስንቱ ወደ ምርምር ዶክትሬት ገባ? ለዚህ መልስ የሚያቅማማ ክፍል መጥፎ ክፍል አይደለም፤ ለሌላ ዓላማ የተሠራ ነው። በኢትዮጵያ በኩልም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ስፖርት አካዳሚ ያሉ የስፖርት ሳይንስ መምህራን እንደ መረጃ አቀባይ ሳይሆን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደ ተባባሪ አማካሪ ቢታዩ፣ ሥራው የአንድ ሰው ዲግሪ ሆኖ አይቀርም።

የመጀመሪያው ሥራ ምን ይመስላል ለሚል ደግሞ፣ እነዚያን 17 ጥያቄዎች መውሰድ ነው። ሁለት ሰዎች ለየብቻ ወደ አማርኛ፣ ሁለት ሌሎች ወደ አፋን ኦሮሞ ይመልሷቸዋል፤ እንግሊዝኛውን ያላዩ ሰዎች መልሰው ወደ እንግሊዝኛ ይተረጉሟቸዋል፤ ልዩነቱ በታየበት ቃል ላይ ከአሠልጣኞችና ከሯጮች ጋር ይከራከራሉ። ከዴንቨርም ከኢትዮጵያም የሥነ ምግባር ፈቃድ ይወጣል። ከዚያ አሠልጣኙ በሌለበት ክፍል፣ ከውድድር አንድ ሰዓት በፊት፣ ጥቂት መቶ ሯጮች ይሞሉታል። ከመጠይቁ ግርጌም ማንም ቁጥር ያልሰጠው አንድ ክፍት ጥያቄ ይጨመራል፤ እልህ ሲይዝህ ምን ይሰማሃል?